የወንበሮቹ ጉርድ ፎቶ

ሸዋሮቢት ውስጥ ሱሌይማንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መታወቂያ አውጥቶ የማያውቅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ከደረቱ በላይ ሲያነሳ የኖረ ፎቶ አንሺ ነው። ለመንጃ ፈቃድ የሚቸኩለው ሹፌር፣ ዐረብ አገር የምትሄደዋ ልጅ፣ ጡረታውን ለማስከበር በከዘራ የሚመጣው ሽማግሌ፣ ሁሉም እሱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «ቀና በል፣ ትከሻህን ጣል፣ አትሳቅ» ማለት ለእሱ ከሰላምታ እኩል ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ወንበር ማንሳት ጀመረ ሲባል ከተማው ምን ይበል? ያውም ባዶ ወንበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የማሾው እርሻ አልቆ ግራሩ በሚጀምርበት ሜዳ ላይ፣ ሰባት የመንገደኛ ፉርጎዎች ቆመዋል። የመጡ ዕለት ሰው ሥራውን ፈትቶ ወጥቶ በእልልታ ተቀብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቲኬት የቆረጠ መንገደኛ አልተሳፈረባቸውም። ለምን እንደቆሙ ብትጠይቁ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መልስ አለው፣ የአንዱ ግን ከሌላው አይገጥምም። ሱሌይማን እሑድ እሑድ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደዚያ ይሄዳል። የፉርጎውን ቁመት ወይም የሐዲዱን ርዝመት ቢያነሳ ሰው በገባው ነበር። እሱ ግን እያንዳንዱ ወንበር ፊት ለፊት በርከክ ብሎ፣ ከመቀመጫው በላይ ያለውን ብቻ፣ ልክ እንደ ሰው ጉርድ አድርጎ ነው የሚያነሳው። ከዚያ ሦስት በአራት ያጥበውና ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።

«ለወንበሮቹ መታወቂያ ሊያወጣላቸው ነው» አለ ከተማው። «ጋሼ ሱሌ፣ ያኛው ዐይኑን ጨፍኗል፣ ይደገም!» የሚለውም አልጠፋ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ የተረተበትም አለ። ሱሌይማን አይቆጣም፣ አይስቅም። ቀልዱ እሱ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ሻዩን ሲጠጣ ስኳር ይኑረው አይኑረው የሚለይ አይመስልም። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ በር ጣቱን ቀርጥፎት፣ ደም ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ያየችው ደንበኛው ናት እንጂ እሱ አልሰማውም። ደንዝዟል ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው።

መቼ እንደደነዘዘም ይታወቃል። ሚስቱ ናፊሳ የሞተች ጊዜ ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ናፊሳ ቁጡ ነበረች። ፎቶ ቤቱን በእውነት ስታስተዳድር የኖረችው እሷ ናት። ዐይኑን የሚያርገበግብ ደንበኛ ሲመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ «ምን ሆነህ ነው? ካሜራ ነው እንጂ መርፌ አይደለ!» ትለዋለች፣ ሰውየውም በድንጋጤ ዐይኑን አፍጦ ጥሩ ፎቶ ይነሳል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሁለቱ ብቻቸውን፣ እሷ እየተቆጣች እሱ «እሺ» እያለ ኖሩ። ይወዳት ነበር፤ ይህን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስኳር በሽታ ነበረባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች። የሮቢት ሙቀት መድኃኒቱን እንዳያበላሽባት፣ በእርጥብ አሸዋ ገንቦ ውስጥ እያኖረ የሚጠብቅላት እሱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አካባቢው በተኩስ በታመሰ ሰሞን፣ ናፊሳ ከፉርጎዎቹ ማዶ ወዳለች መንደር ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። ጠዋቷን ተወግታ ለማታው እመለሳለሁ ብላ ነው የወጣችው። እሷ እዚያ ሳለች ተኩሱ ጀመረ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ከየመንደሩ የሸሸ ሰው ሜዳውን አቋርጦ ፉርጎዎቹ ውስጥ ገባ። በእነዚያ ወንበሮች ላይ መጀመሪያ የተቀመጡት፣ የሚሄዱበት የሌላቸው ሰዎች ሆኑ። ናፊሳም አብራ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ካሳሁን የሚባል የሽንኩርት መኪና ሹፌር፣ የተዘጋውን መንገድ ትቶ በማሳ ለማሳ አቋርጦ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፦

«ጋሼ፣ ናፊሳ ደህና ናት፤ ባቡሩ ጋ ናት። መድኃኒቴን ይዞልኝ ይምጣ ብላለች!» ብሎ ጮኸና ሄደ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በይፋት ቆላ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው «ባቡር» ካለ ወፍጮ ማለቱ ነው። እህል ባቡር ቤት ይሄዳል፣ ዱቄት ከባቡር ይመለሳል። «ሚስትህ የት አለች?» ሲባል «ባቡር ሄዳለች» የሚል ባል፣ ሚስቱ ድሬዳዋ ደረሰች ብሎ አይደነግጥም። በሐዲድ የሚሄደውማ መቼ ሄደና ስሙን ይውሰድ? እነሱ «ፉርጎዎቹ» ናቸው፣ በቃ። ካሳሁን ግን ያደገው አዋሽ ነው፤ ለእሱ ባቡር ማለት ከልጅነቱ ጀምሮ እየጮኸ በሰፈራቸው የሚያልፈው ነገር ነው። አንዱ የተናገረው ሌላ፣ አንዱ የሰማው ሌላ። የዋሸ ሰው የለም።

ሱሌይማን ከለቅሶው ሸሽታ ከተማ ገብታለች ብሎ፣ መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ፔርሙዝ ውስጥ ከቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጥይት በሚጮኽበት ከተማ ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ባቡሩ ሮጠ። ወደ ወፍጮው ማለቴ ነው፤ በከተማው ሌላኛ ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ወዳለው፣ ናፊሳ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጤፏንና ማሽላዋን ወደምታስፈጭበት። ወፍጮው ተቆልፏል። ተደብቃ ይሆናል፣ ትወጣለች ብሎ ዱቄት ባነጣው ደፍ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ጠበቀ። በማግስቱም ውሃውን ቀይሮ ሄዶ ጠበቀ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከወፍጮው እስከ ፉርጎዎቹ በእግር ሁለት ሰዓት አይሞላም።

በአራተኛው ቀን መንገድ ተከፍቶ ሰው ሲገናኝ፣ ናፊሳ ፉርጎ ውስጥ ሞታ እዚያው ሜዳ ጥግ መቀበሯን ነገሩት። ፔርሙዙን በእጁ እንደያዘ ነው ያረዱት። «እሺ» አለ። ከዚያ ሄዶ ፎቶ ቤቱን ከፈተ። ሰው ዐይኑን ቢያይ ቢያይ እንባ የለም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብለው አሙት። እሱ ግን ሐሜቱም ከሩቅ እንደሚሰማ ሬዲዮ ነበር የሚሆንበት።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ድንዛዜ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ነቅታ ቀረች። በዚያ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ፣ ሐጅ ሲሄድ፣ ሲታመም፣ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። «አውፍ ብያለሁ» ይሉታል፣ ቀሎት ይሄዳል። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ነው የሚምረው። ናፊሳ መድኃኒቷን እየጠበቀች ሦስት ቀን ተቀምጣለች። ሱሌይማን ማወቅ የሚፈልገው፣ ከመሞቷ በፊት አውፍ ብላው እንደሆነ ነው። ሌላ ምንም አይፈልግም።

ጠየቀ። እዚያ የነበሩትን አንድ በአንድ እያፈላለገ ጠየቀ። ሁሉም «አውፍ ብላሃለች፣ ምን ጥርጥር አለው» አሉት። ዙልፋ የምትባል ጎረቤቱ፣ ናፊሳ ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ሸሃዳዋን እያለች፣ ፈገግ ብላ ሞተች አለችው። አብዱልሃዲ የሚባል ባለሱቅ ደግሞ አንደኛው ፉርጎ ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝታ ነበር፣ የመጨረሻ ቃሏም «ሱሌዬን አደራ» የሚል ነው አለው። ሌሎቹ በአምስተኛው አሉ። አንዲት ሴት በሦስት ፉርጎ ሞተች። ናፊሳ ደግሞ በዕድሜዋ «ሱሌዬ» ብላው አታውቅም፤ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው።

ሱሌይማን አልተቀየማቸውም። ሐዘንተኛን በሚያጽናና ቃል መሸኘት የአገሩ ወግ ነው፤ እሱም በነሱ ቦታ ቢሆን እንዲያ ይል ነበር። ነገር ግን አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ወንበሩን በትክክል የሚያውቅ ሰው ቃሉንም በትክክል ያውቃል። ወንበሮቹን አንስቶ ግድግዳ ላይ ቢደረድራቸው፣ ለፎቶ ከሚመጣው ሰው መካከል አንዱ «ያቺ ናት» ይል ይሆናል። የወንበሮቹ ጉርድ ፎቶ ነገር ይኸው ነው። ለከተማው ግን አላስረዳም፤ ለማስረዳት የሚሆን ጉልበት አልነበረውም።

ፉርጎዎቹን የሚጠብቅ ፀጋዬ የሚባል ዘበኛ አለ። የጣርማ በር ሰው ነው፤ ብርዱን ለምዶ አድጎ ቆላ የጣለውን ዕጣውን ሲረግም ይውላል። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ለራሱም ግራ ነው፤ ሽቦው ተመዝዞ አልቋል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ በሮቹ ከተሰረቁ ቆይተዋል።

አንድ እሑድ ሱሌይማን ስድስተኛውን ፉርጎ ሊጀምር ሲደርስ፣ ፀጋዬ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነጠላውን ውሃ ነክሮ ራሱ ላይ ጥሏል።

«ጋሽ ሱሌ፣ ዛሬ ስንተኛው ላይ ኖት?»

«ስድስተኛው።»

«እንግዲያስ ይፍጠኑ። የፊታችን ሐሙስ ሊያነሷቸው ነው አሉ።»

«ወዴት?»

«እኔን ማን ይነግረኛል? አንዱ ይቆራረጣሉ ይላል፣ አንዱ ይጠገናሉ ይላል። እኔ እንኳ ከነሱ ጋር ልጫን ይሁን እዚሁ ልቅር፣ አልተወሰነልኝም።»

ሱሌይማን ይህን ሲሰማ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር መናወጥ እንደነበረበት ያውቃል። አልተናወጠም። «እሺ» አለና ፉርጎው ላይ ወጣ።

ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ዕቃ መጫኛው ሥር ተርብ ቤቱን ሠርቷል። መተላለፊያው ላይ የፍየል በጠጥ፣ የደረቀ መፋቂያ፣ አንድ የግራ እግር ጫማ። ግድግዳው ላይ ሕፃናት በከሰል መኪና ሥለዋል፤ በፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው መኪና መሣላቸው ፀጋዬን ያስቀዋል። አንዳንዱ ወንበር ገና ከፋብሪካ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ አልወለቀለትም፣ አንዳንዱ እስከ አጥንቱ ተገሽልጧል። ሱሌይማን በርከክ ይላል፣ ያነጣጥራል፣ ያነሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። አንዳንዴ ሳያስበው «ቀና በይ» የሚል ቃል ከአፉ ያመልጠዋል። ያን ዕለት ስድስተኛውን ጨረሰ። ሰኞና ማክሰኞ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሰባተኛውን አነሳ። ከሰባተኛው መጨረሻ አካባቢ የጀርባዋ ልባስ ተነቅሎ ብረቷ ብቻ የቀረ አንዲት ወንበር ነበረች፤ እሷንም እንደ ሌሎቹ አንስቶ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት አራት መቶ አርባ ስምንቱም ወንበሮች ግድግዳው ላይ ነበሩ። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ወንበሯን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ቢገኝም ሄዶ የሚያሳያት ወንበር አትኖርም። ዙልፋን ጠርቶ አሳያት። «ሁሉም አንድ ናቸው እኮ፣ ጋሼ» አለችው፣ ሆዷ ባብቶ። አብዱልሃዲም መጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየና፣ ከዚህ በላይ መዋሸት ከብዶት መሰለኝ፣ «እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያኔ ሰው መለየት አልቻልኩም ነበር» ብሎ ወጣ። ሱሌይማን አመሰገነው። የተሰማው ነገር አልነበረም።

ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ገባች። ሙሀባ ትባላለች፤ የጀውሃ ማሾ ነጋዴ ናት። የተኩሱ ጊዜ ሸሽታ ማጀቴ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ኖራ፣ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። የቀበሌ መታወቂያዋ ጠፍቶባት ሌላ ልታወጣ ነው። ሱሌይማንን አታውቀውም፤ እሱም አያውቃትም።

በርጩማው ላይ አስቀመጣት። ሻሿን አስተካከለች። እሱ ካሜራው ጀርባ ቆመ።

«ቀና በይ እህቴ። ወደዚህ እይ።»

አላየችም። ዐይኗ በእሱ ትከሻ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ተተክሏል።

«ጋሼ፣ ያቺን ወንበር ከየት አመጧት?»

«የትኛዋን?»

ተነስታ ሄደችና ጣቷን ከታችኛው ረድፍ ላይ አሳረፈች። ያቺ ጀርባዋ የተነቀለባት ናት።

«የዚችን ልባስ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በቢላዋ ታግዬ ነው የነቀልኩት። አንዲት ሴትዮ አብራኝ ነበረች፣ ስኳር ነበረባት፣ ሙቀቱ ጠናባት። ማራገቢያ ብፈልግ ምን ይገኛል? ይቺን ነቅዬ ሳራግብላት ነበር፣ እስክትሞት ድረስ።»

ሱሌይማን ካሜራውን አልለቀቀም። ድምፁ ለደንበኛ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

«ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

«ኧረ ተዉኝ፣ ጋሼ!» ሙሀባ ሳቅ አመለጣት። «አላህ ይዘንላትና፣ እንደሷ ያለ ቁጡ ሰው አላየሁም። ነፍሷ ልትወጣ እየታገለች፣ ውሃ ሲታደል ሰልፍ የሚያፈርሰውን ትቆጣለች። ሕፃኑ ግድግዳ ላይ ሲሥል 'የመኪናው ጎማ የታል?' ብላ ትቆጣዋለች። ከሁሉም የባሰው ግን ባሏ ላይ ነበር።»

«ምን ትለዋለች?»

«መድኃኒት ይዞ ይመጣል ብላ ልካበት ነበር መሰለኝ። በር ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች። እሱ አለመሆኑን ስታይ 'ይሄ ሰውዬ፣ ይሄ ደንቆሮ ሰውዬ፣ ደግሞ የት ሄዶ ተቀምጦ ይሆን!' ትላለች። እኔ መድከሟን ሳይ ፈራሁ። ሐቅ ይዛ እንዳትሄድ ብዬ 'በይ እንግዲህ እህቴ፣ ለባልሽ አውፍ በይው' አልኳት።»



«አለች?» አለ ሱሌይማን።

«አላለችም! ለመንኳት እኮ። 'ፊቱን ሳላይ?' አለችኝ። 'አውፍ የምለውማ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ የምነግረው አለኝ' አለችኝ። ከዚያ ዐይኗን ከደነች፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም።»

ሙሀባ ወደ በርጩማው ልትመለስ ዞር ስትል የሱሌይማንን ፊት አየች። የሰውየውን ፊት ያነበበችው ገና ያን ጊዜ ነው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ያ ረቢ! አንቱ ኖት እንዴ? ባሏ አንቱ ኖት?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አፌን በቆረጠው! ጋሼ፣ አውፍ በሉኝ፣ ሳላውቅ ነው። በልቧ እኮ ብላሎታለች፤ ቁጣዋ ከአፏ ነው እንጂ በልቧ ምን ጥርጥር አለው፣ እንዲያውም መጨረሻ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ…»

«ተዪ» አላት። «አደራሽን፣ አታስተካክዪው።»

«ጋሼ…»

«ሌሎቹ የነገሩኝ ሴትዮ ፈገግ ብላ የሞተች ናት። ሱሌዬ የምትል ናት። እኔ ያቺን አላውቃትም። ይቺ…» ጣቱን ወንበሯ ላይ አሳረፈ። «ይቺ ናፊሳ ናት። እሷው ናት።»

ከዚያ አለቀሰ። መርዶውን ሲረዳ ያላለቀሰው፣ መቃብሯ ላይ ያላለቀሰው ሰው፣ በደንበኛ ፊት፣ ለፎቶ በተዘረጋው ሰማያዊ መጋረጃ ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አመመው፤ ደረቱን አመመው፣ በበር የተቀረጠፈው ጣቱ ሳይቀር አሁን ገና አመመው። ሙሀባ ውሃ ፍለጋ ጓዳ ገባች፣ ጣሳውን ይዛ ስትመለስ እሷም እያለቀሰች ነበር። በበሩ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆም ብሎ አይቶ፣ ዐይኑን ሰብሮ መንገዱን ቀጠለ።

ውሃውን ጠጥቶ ፊቱን በክንዱ ሲያብስ፣ ሙሀባ አጠገቡ ተቀመጠች። መዋሸትም አልቻለች፣ ዝም ማለትም አልቻለች። የሰማችውን እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትጨምርበት ነገረችው።

«'ሲመጣ' ነው ያለችው፣ ጋሼ።»

«መምጣቴማ አይቀርም» አለ ሱሌይማን።